የአጎቴ ከትበርት ሸሚዝ

— ሄሎ? … አቤት፣ አክስቴ፣ ታንቲ ኤርሚን! እኔው ነኝ፣ ደርዊን። … አለን፣ የካርኒቫል ልብስ ቤት ውስጥ ነን። … ሃያ ስድስት ልብስ ነው፤ ሃያ ስድስቱም አልቆ ተሰቅሏል። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት መቶ አርባ ቅዳጅ ጨርቅ ተሰፍቷል። ነገ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቤልሞንት ሰፈር እየጨፈርን እንነሳለን።

— የፔላው ሩዝ? ግድ የለም፣ አይላኩ። በልቻለሁ። … እሺ፣ አልበላሁም። ግን አይላኩ፣ በሞቴ።

— አዎ፣ የዮሩባ አያቶቻችን ከአፍሪካ ይዘውት እንደመጡት ነው። ሟች የለበሰው ጨርቅ ይቀደዳል፣ ልብሱ ላይ ይሰፋል፤ ጨፋሪው ሲሽከረከር ሟቹም አብሮ ይጨፍራል። … አዎ፣ «የሞቱባችሁን ሰዎች ልብስ አምጡ» ያልኩት እኔው ነኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ።

— የአጎቴ ከትበርት ሸሚዝ? እርስዎ ያመጡልኝ? … አለ። አለ እንጂ! … ሦስተኛው ልብስ ላይ፣ ደረቱ ዛጎል የሆነው። … በየት በኩል? በ… በስተቀኝ። ትከሻው አካባቢ።

— ወንበር አውጥተው መንገድ ዳር ሊቀመጡ? በዚህ ጉልበትዎ? … አይ፣ ማየቱንስ ያዩታል… ብቻ ሲሽከረከር ይፈጥናል፣ ምናልባት ላይለዩት…

— ፎቶ? አሁን? … (ኬዝያ፣ እስቲ የስፌት ማሽኑን አቁሚው፣ አልሰማ አለኝ።) … ደህና ነኝ ታንቲ። ድምፄ ምን ሆነ?

— ታንቲ፣ ይስሙኝማ። ሸሚዙ አይታይም። … አልጠፋም! እዚሁ ነው፣ ውስጥ ነው ያለው። … ልብሱ ቀይና ሰማያዊ ነው፤ የሳቸው ደግሞ አረንጓዴ፣ አናናስ የተሳለበት። ባጠገቡ ሳደርገው ዓይኔን ወጋኝ። … አውቃለሁ። ቀለም መርጣችሁ ሙቱ አላልኩም፣ አውቃለሁ። … ልብሱን ከውስጥ የሚያቆመው ሽቦ የጨፋሪውን ትከሻ እንዳይቆርጠው ጠቀለልኩበት። አሥራ አራት ቅዳጅ አድርጌ። … ሦስት ሳምንት ሆነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በደጅዎ ሳልፍ መንገዱን ተሻግሬ በማዶ ነው የምሄደው።

— አዎ፣ መርፌ መያዝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። … አዎ፣ እርስዎ ቤት በረንዳ ላይ፣ አጎቴ ክሩን እየሰኩልኝ። … ይስደቡኝ፣ ይገባኛል።

— እፈታዋለሁ። አሁኑኑ። (ኬዝያ፣ ሦስተኛውን አውርጂልኝ። ቀስ! የቀኝ ትከሻውን ፍቺው፣ እንዳትቀጂው።) … ሽቦውንማ ባዶውን አልተወውም፣ ጨፋሪውን ልጅ ያደማዋል። ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልቷል፣ አንዱን አንስቼ… የኔን ሸሚዝ? … የለበስኩትን? … ታንቲ፣ አዲስ እኮ ነው፣ ነገ ልወጣበት ያልኩት… አይ፣ አልተከራከርኩም። እያወለቅኩ ነው። (አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል? ቦርጭ አይተሽ አታውቂም? መቀሱን አቀብዪኝ።)

— ሰሙት? … አዎ፣ እሱ ነው ሲቀደድ የሰሙት። እጅጌው ነው።

— ፊት ለፊት ነው የምሰፋው፣ ደረቱ ላይ። ዛጎሉን አነሳለታለሁ። … ከቀዩ ጋር ባይሄድም አይሂድ።

— ፎቶውን እልካለሁ። ግን ቆጥረው ሳይደርሱብኝ እኔው ልንገርዎ። ኬዝያ ፈትታ ጨርሳለች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ። … አሥራ አራት አይደለም ታንቲ። አምስቱን የሽቦው ዝገት በልቷቸዋል። … አይሰፉም፤ ሞከርኩ፣ በእጄ ላይ ነው የሚበጣጠሱት።

— ታንቲ? … ሄሎ? … ሄሎ?

— (ዘጉብኝ። አረንጓዴውን ክር ስጪኝ፣ ኬዝያ። … ዘጠኝ ነው የተረፈው። እያንዳንዱ ሁለት ኢንች በአሥራ አንድ።)