የማንጎ ዛፍ ያላወለቀው ጥርስ

በዚያ የጥር ማለዳ የብስክሌቴ ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ ቶቶ አሙጌን መንገድ ላይ አላገኛቸውም ነበር። ባላገኛቸው ደግሞ እስከ ዛሬ ስዋሽ እኖር ነበር።

ቶቶ አሙጌ የአባቴ እህት ናቸው። መንደሩ ሁሉ «ቶቶ»፣ እናት፣ እያለ ነው የሚጠራቸው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን በቴሶ ከኩሚ ገበያ እስከ ረግረጉ ዳር ካለው ልጅ ግማሹ በእጃቸው አልፏል። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ተብሎ ይወሰድላቸዋል። እሳቸውም በተሳለ የብስክሌት ሽቦ ድዱን ፈልፍለው፣ ገና ያልበቀለውን ጥርስ አውጥተው፣ ለእናቲቱ «ይኸው ትሉ» ብለው ያሳያሉ። ዋጋ አይጠይቁም። ዶሮ ከሰጧቸው ይቀበላሉ፤ ካልሰጧቸውም አይቀየሙም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በየዓመቱ በጥር ወር ከኖርዌይ የሚመጡ ሐኪሞች ትምህርት ቤታችን ግቢ ድንኳን ተክለው የድሃ ልጆችን ሁለት ሳምንት ሙሉ በነፃ ያክማሉ። የእነሱን እንግሊዝኛ ወደ ቋንቋችን፣ የእናቶቹን ነገር ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። በዚያ ጥር አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። አገሩ ሁሉ ያመሰግነኛል፤ ምስጋናው እንደማይገባኝ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናም ብስክሌቴን ተሸክሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ስወጣ ቶቶ አሙጌ በትራቸውን ይዘው ከፊት ለፊቴ መጡ። ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው ሚስት አኩሩት የስድስት ወር ልጇን ኦሞዲንግን አዝላ ትከተላቸዋለች። የልጁ አንገት እንደ ጠወለገ ቅጠል ወደ ጎን ወድቋል።

«ብስክሌት ሰው ሲሸከም ነበር የማውቀው» አሉኝ። «ሰው ብስክሌት ሲሸከም ዛሬ አየሁ። ተምረህ ተምረህ እዚህ ደረስክ?»

«ጎማው ተንፍሶብኝ ነው፣ አክስቴ። እርስዎስ ፊትዎን ወዴት አዞሩ? ሐኪሞቹ ያሉት በዚህ በኩል ነው።»

«ሐኪሞቹን ለአንተ ትቼልሃለሁ። ይልቅ ከዚያ ጎማ አንድ ሽቦ ብትነቅልልኝ ትጸድቅ ነበር፤ የእኔው ዶልዱሟል።»

አኩሩትን ልጁ ከመቼ ጀምሮ እንደታመመ ጠየቅኋት።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው፣ ጋሼ። ሲያስቀምጠው ነው የሚውለው። ዛሬ ጡትም እምቢ አለኝ።»

«ድዱ አብጧል» አሉ ቶቶ አሙጌ። «ግግ ነው። ውኃ ጥጄ ነው ልጠራት የሄድኩት፤ አታቆመን።»

«አክስቴ፣ የስድስት ወር ሕፃን ድዱ ቢያብጥ ጥርስ ሊያበቅል ነው። ትል የሚሉትም እኮ ያው ጥርሱ ነው፤ ሳይጠነክር ስለሚያወጡት ነው የሚለሰልሰው።»

«ያንተንስ ያወጣችልህ እናቴ አይደለችም? ይኸው፣ ሞተሃል?»

«አልሞትኩም። ክራንቻ ግን የለኝም፤ አጥንት መጋጥ አልችልም።»

«መምህር አጥንት ምን ያደርግለታል? ጠመኔ አለልህ።»

አኩሩት ሳቋን ዋጠች። እኔ ግን ነገሩ በቀልድ እንዲያልፍ አልፈለግሁም፤ «የጎረቤታችን የኦሉፖት ልጅስ?» አልኳቸው። የኦሉፖት ልጅ ግጉ በወጣለት በአራተኛው ቀን የሞተ ሕፃን ነው።

«እሱን እግዜር ነው የወሰደው። ዘግይተው አመጡት» አሉና በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ስማ፣ ልጠይቅህ። እነዚህ ሰዎች በጥር መጥተው በጥር ይሄዳሉ። ልጅ የሚታመመው በጥር ብቻ ነው? በሐምሌ ረግረጉ ሞልቶ መንገዱ ሲቆረጥ የማን በር ነው የሚንኳኳው? የእኔ ነው እንጂ የዚያች ሐኪም፣ የሲግሪድ፣ አይደለም። ደግሞስ፣ ያለ ጥቅም ባሕር የሚሻገር ማን አለ?»

«ሲግሪድ የዓመት ዕረፍቷን ትታ፣ መሳፈሪያዋን ከራሷ ከፍላ ነው የምትመጣው።»

«ማን ያውቅላታል?»

«እርስዎስ ግግ ሲያወጡ ዋጋ ጠይቀው ያውቃሉ?»

«በሕፃን ነፍስ ዋጋ ይጠየቃል እንዴ?»

«እንግዲያው እርስዎ ያለ ጥቅም ከደከሙ እሷስ ለምን አትደክምም?»

 አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ላይ የረታሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ክርክር መርታትና ሰው መመለስ ግን ለየቅል ናቸው። የቶቶ አሙጌ ልብ ፈቀቅ አላለም፤ በትራቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። የመለሰቻቸው አኩሩት ናት።

«ቶቶ፣ ሐኪሟ አንድ ጊዜ ብቻ ትየው» አለች ቀስ ብላ። «ካልሆነ ወደ ቤት እንሄዳለን። እኔ ያለሱ ማን አለኝ?»

አሮጊቷ ልጁን አዩ፣ እሷን አዩ። «ላንቺ ብዬ ነው» አሉ። «ሽቦው ግን ከእኔ አይለይም።» በጨርቅ የተጠቀለለውን ሽቦ ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው ተከተሉኝ።

ዶክተር ሲግሪድ ስድሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። የሕፃኑን ሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተጨማደደ ቆየ። «ውኃው አልቋል። ድዱ ምንም አልሆነም» አለች። ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውኃ በኩባያ አቀረበችና በየደቂቃው በማንኪያ እንዲሰጡት ነገረቻቸው። አኩሩት ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ስላላየች ውኃውን ልጁ አንገት ላይ አፈሰሰችው። ቶቶ አሙጌ ማንኪያውን ከእጇ ወስደው፣ ልጁን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ ራሳቸው ያጠጡት ጀመር። ሐኪሟ ባጠገባቸው ወረፋ የያዙትን ልጆች ማየቷን ቀጠለች።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። በየዓመቱ ክራንቻቸው ያልበቀለ ልጆች ከሲግሪድ ፊት ይቀርባሉ። በየዓመቱም «ይህ ልጅ ጥርሱን ምን አገኘው?» ብላ ትጠይቃለች። በእኛ አገር የትልቅ ሰው ሥራ በእንግዳ ፊት ስሙ ተጠርቶ አይነገርም፤ ነውር ነው። ስለዚህ እናቶቹ አቀርቅረው «ወድቆ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ነገሩ እውነት እንዲመስል «ከማንጎ ዛፍ ላይ» ብዬ እጨምርበታለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ከነቀዘም ቆይቷል።

ውሸቱ ባለበት አልቀረም። ሲግሪድ አገሯ ተመልሳ «በቴሶ ልጆች ከማንጎ ዛፍ እየወደቁ ጥርሳቸውን ይሰብራሉ» ብላ ጻፈች። ደግ ሰዎችም ትልልቅ ሥዕል አሠርተው ላኩ፤ ልጅ ከዛፍ ሲወድቅ የሚያሳይ ሥዕል ላዩ ላይ ቀይ መስቀል የተሰመረበት ነው። ሥዕሉ በክፍሎቹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ካላቸው ጥቂት ቀን ላይ ሁለት ሁለት ማለዳ እየቀነሱ ልጆቹ ዛፍ እንዳይወጡ አስተማሩ። ያስተረጎምኩትም እኔ ነኝ።

ያን ቀን ክራንቻ የሌላት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከፊታችን ቆመች። ሲግሪድ ጠየቀች። እናትየው ቶቶ አሙጌን አየችና ዓይኗን ሰበረች፤ «ወድቃ ነው» አለች። ቶቶ አሙጌ በዚያው ቅጽበት ከድንኳኑ ትይዩ ባለው የክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል እያዩ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ልጆች ማንጎ ዛፍ ላይ እንዳይወጡ የሚከለክል ነው።»

ማንኪያውን እንደያዙ ሳቁ። «ምን ነካቸው እነዚህ ሰዎች? ልጅ ማንጎ ላይ ካልወጣ ምን ላይ ይውጣ?»

«የነካቸው እኔ ነኝ፣ አክስቴ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቆመ።

«ለምን እንዲህ አልክ?»

«እርስዎን ላለማሳፈር ብዬ።»

«እኔ የሚያሳፍር ሥራ አልሠራሁም። ልጅ ነው ያዳንኩት። ደግ ሥራ ይደበቃል?»

 በመንገድ ላይ ያን ሁሉ የተናገርኩት ሰውዬ ዓይኔን ወደ ሥዕሉ መለስኩ። እሳቸውም ፊቴን አይተው የቀረውን ራሳቸው ጨረሱት።

«እንግዲያው እንደሚገድል ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ዓመት። ጤና ጣቢያ ያለ የአገራችን ሐኪም ነግሮኝ ነበር።»

«የኦሉፖት ልጅ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው።»

«አዎ፣ ከዚያ በኋላ ነው።»

ልጁን አንድ ማንኪያ አጠጡት። ከዚያ በግራ እጃቸው ሽቦውን ከወገባቸው አውጥተው ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። «ጠይቅልኝ» አሉ። «የእነዚህን ሁሉ ጥርስ ያወጣሁት እኔ ነኝ በላት። እና እነዚያ የሞቱት፣ እኔ ባልነካቸው ይተርፉ ነበር ወይ? እሱን ጠይቅልኝ።»

ጠየቅሁላቸው። ሲግሪድ ሽቦውን አየች፤ የልጅቷን አፍ አየች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አየች፤ በመጨረሻ እኔን አየችኝ። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር» አለች። «የሚገድላቸው የውኃው ማለቅ ነው። ጊዜው ድድ ሲፈለፈል ያልፋል፤ ቁስሉም ሌላ በሽታ ያስገባል።»

«እግዜር ያውቃል» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተለማመድኩት እሱን ነው። ያን ቀን ግን ዋጥኩትና ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

ቶቶ አሙጌ እጃቸው ከማንኪያው አልተለየም። የልጁን አፍ ጠርገው፣ «ዛሬ ገና በደንብ ተረጎምክ» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«ፊቷን አይቼ። ቅድም እሷ አዝና የነገረችህን አንተ ለእናቶቹ ስትነግራቸው ደስ የሚል ነገር ሆኖ ይወጣ ነበር። አሁን ግን ፊቷና አፍህ ተስማሙ።»

ያኔ ነው የገባኝ። እኚህን አሮጊት እንቢተኛ ያደረጋቸው አለማወቅ ብቻ አልነበረም። ሐኪሟን ማመን ማለት በገዛ እጃቸው ያለፉትን ሕፃናት አንድ በአንድ ማስታወስ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሸክም «ተሳስተዋል» ብሎ በመከራከር ማንም አያሸክምም፤ አብሮ የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። እኔ ድርሻዬን ከመጀመሪያው አንስቼ ቢሆን ኖሮ አሥር ዓመት ቀድመን እዚህ እንደርስ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ኦሞዲንግ እንባ አውጥቶ አለቀሰ፤ ትንሽ ቆይቶም ቀሚሳቸውን አረጠበው። «ሸናብኝ» አሉ ቶቶ አሙጌ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አኩሩት ልጁን ወስዳ ጡቷን ስትሰጠው ያዘላት።

ከመሄዳቸው በፊት ወደ ሐኪሟ ዞሩ። «በላት፤ አንቺ ስትሄጂ ረግረጉ ይሞላል። በሬ ሲንኳኳ ምን ላድርግ?»

«ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ዓመት መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች ሲግሪድ። «ይህን ሁሉ መንገድ መጣሁ፤ ያጠገቤን ግን አልሰማሁም። ዛፍ አስተማርኩ።» ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አሳየቻቸው፤ ለአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በሻይ ማንኪያ ልክ ልኩን ስድስት ስኳር፣ ግማሽ ጨው። ጡት እንዳይቋረጥ። ሰገራው ደም ካለበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም አልነቃ ካለ፣ ረግረጉ ቢሞላም ሰው ተሸክሞት ጤና ጣቢያ ይድረስ። ቶቶ አሙጌ ሦስት ጊዜ አስደገሟትና በአራተኛው ራሳቸው ደገሙላት።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። እናቶች ዛሬም ልጅ ሲታመም የቶቶ አሙጌን በር ያንኳኳሉ። እሳቸውም እጃቸውን ታጥበው ድዱን በጣታቸው ይዳብሱና፣ «ግግ አይደለም፤ ውኃ ጠምቶት ነው» ይላሉ። ሐኪም ወይም መምህር ቢለው የማይታመነው ነገር ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ይታመናል፤ ግግን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለምና። እንግዳ ሐኪም በበጎ ፈቃዱ ባሕር ቢሻገር የሚሰጠን ሁለት ሳምንት ነው። የቀረውን አምሳ ሳምንት የሚሞላው ግን የአገሩ ሰው ነው፤ ያም የሚሆነው ለመጣው እንግዳ እውነቱን የነገረው እንደሆነ ነው። ደዌውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሥዕሉ ከግድግዳው ወርዷል፤ ልጆቹም ማንጎው ላይ ተመልሰዋል። ኦሞዲንግ በአራቱ ክራንቻዎቹ የፍየል አጥንት ይግጣል።

ቶቶ አሙጌ በየጥሩ መጥተው ከወረፋው ራስ ይቀመጣሉ። ክራንቻ የሌለው ልጅ ሲቀርብ እናትየው ሳታቀረቅር ይቀድሟትና «እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ንገራት» ይሉኛል። እኔም እነግራታለሁ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ «የደበቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ» እላለሁ። እንዲህ ያሉት ልጆች እያደጉ ከወረፋው ይወጣሉ፤ ዘንድሮ የቀረቡት አራት ብቻ ናቸው። የኦሉፖት ልጅ ቢኖር ዘንድሮ አሥር ዓመቱ ነበር። አባቱ አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆቡን አውልቆ ያመሰግነኛል፤ ልጁ ከመሞቱ በፊት አውቅ እንደነበር ለእሱ ገና አልነገርኩትም።