ቀዩ የሥራ አስኪያጁ፣ ቢጫው የመጋዘኑ

ጂንካ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የሌባ ደወል ሲያስገባ፣ ባለሙያው "የትኛው በር ሲከፈት ነው ቀይ በርቶ የሚጮኸው? የትኛው ላይ ነው ቢጫ ብቻ የሚበራው?" ብሎ ጠየቀን። እኔ የዋሁ፣ ሞተር ሳይክሎቹ የሚያድሩት መጋዘን ውስጥ ስለሆነ ቀዩ ለመጋዘኑ ይሁን አልኩ። ስብሰባው ግን በሹመት ተራ ደለደለው፤ ቀይ ለሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ቢጫ ለመጋዘኑ። ሌባም ቢሆን ሲገባ አለቃ ማስቀደም አለበታ!

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቀዩ ጮኸ። ጥበቃችን ጋሽ ጴጥሮስ ሳይቀሩ የውጪውን በር ትተው፣ ሁላችንም የአለቃን ቢሮ ልናድን ሮጥን። ለካ ሥራ አስኪያጁ በሩን ሳይቆልፉ ወጥተው ነፋስ ከፍቶታል። ወንበራቸው፣ ተመስገን፣ ደህና ነው። ዞር ስል ኮሪደሩ ላይ ያለው የደወሉ ሰሌዳ ቢጫ ያበራል።

"ጋሽ ጴጥሮስ፣ መጋዘኑ ተከፈተ እኮ!"

"ቢጫው ይቆይ፤ መጀመሪያ ቀዩን አጣሩ ተብለናል" አሉኝ፣ ከመጋረጃው ኋላ ሌባ እየፈለጉ።

ቀዩን በሚገባ አጣርተን ስንወጣ፣ ኦሞራቴ ለመስክ የምንወርድባቸው ሞተሮች በተከፈተው በር ሰተት ብለው ሄደዋል።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ "አሁንስ ቀዩ ለመጋዘኑ ይሰጠው" አልኩ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ባዶ ክፍል ነው ከእኔ ቢሮ የሚበልጠው?"