ከዜሮ በታች ዐሥራ አራት

«ከቢጠና በታች ካለው የወንዝ ጣቢያ የቀረበው ንባብ ከዜሮ በታች በመሆኑ ተቀባይነት የለውም፤ በሃያ ዓመቱ አማካይ ተተክቷል። ንባብ ወሳጇ ወይዘሮ አስካለችም ሥራቸውን በጥንቃቄ እንዲሠሩ እንዲመከሩ እናሳስባለን።»

ቃል በቃል ነው ያነበብኩላችሁ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሶዶው የውኃ ቢሮ ለእኔ የተጻፈ ነው።

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ የዕድሩ አባላት፣ ከሶዶ የመጣችሁ ባልደረቦች፣ ልጇ ሣራ፤ መቃብር ላይ እንዲህ አይጀመርም። አውቃለሁ። ይቅር በሉኝ። ስሜ እሸቴ ነው። የወንዞች ባለሙያ ነኝ። የአስካለችን የውኃ ከፍታ ንባብ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀበልኩ ሰው ነኝ። እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋታል። «ወንዙ ሙሉ ነው ብላ ያስዘራችን እሷ ናት» ብላችኋል። ይህ ሳይስተካከል አፈር እንድትለብስ አልፈልግም።

አስካለች፣ የመጀመሪያዋን ጠዋት ታስታውሺያታለሽ? ጭጋጉ ወንዙን ሸፍኖት ነበር። ድምፁ ብቻ ይሰማል። ውኃው የት እንደሚያልቅ፣ ሰማዩ ከየት እንደሚጀምር አይለይም። ውኃው ውስጥ የተተከለውን መለኪያ ዘንግ አሳየሁሽ። «ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት» አልኩሽ። አንቺ ውኃውን ታያለሽ። እኔ ቸኩያለሁ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሞገዱ ይተኛ እንጂ ኢንጂነር! አንተ ሰው ሲሮጥ ነው እንዴ ቁመቱን የምትለካው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አየች፤ ጻፈች። ከላይ ዘንቦ ወንዙ ቀልቶ ሲመጣ፣ እዚህ ግን አቧራ ሲነሣ፣ አየች፤ ጻፈች። በልግ ቀኑን መሳት ሲጀምር፣ እኛ ገና በሶዶ አዳራሾች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስንከራከር፣ እሷ አየች፤ ጻፈች። ባሏን በቀበረች ማግስት፣ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አየች፤ ጻፈች። የዚያን ቀን ገጽ ላይ የእንባ ምልክት ፈልጌአለሁ። ቁጥሩ ብቻ ነበር፤ ቀጥ ብሎ የተጻፈ።

ባለፈው ታኅሣሥ ደወለችልኝ።

«ኢንጂነር፣ ውኃው ከዘንጉ ሥር ወርዷል።»

«ዜሮ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። አዎ፤ ያልኩት እኔ ነኝ።

«ዜሮማ የለም ማለት ነው። ውኃ'ኮ አለ! ያጠረው ያንተ ዘንግ ነው።»

ጎረቤቷን ግንበኛውን አድነውን ለመነች። አድነው፣ እዚያ ቆመሃል፤ አይቼሃለሁ። የቤት መሠረት በምታስተካክልባት፣ ውኃ በተሞላች በዚያች ቱቦ ዘንጉ ላይ ያለውን ዜሮ ለካችሁ። ውኃው ወደ ሸሸበት ጥልቅ ቦታ ቀርከሃ ተከላችሁ፤ ጫፉን ከዜሮው ጋር እኩል አደረጋችሁ። በቢላ በየሳንቲሜትሩ ምልክት አወጣችሁበት። እኔም መሣሪያዬን ይዤ መጣሁ። ስሕተት ልፈልግ ነው የመጣሁት። ግማሽ ሳንቲሜትር እንኳ አላገኘሁም።

«አንተ'ኮ ሰው አታምንም!» ብላ ሳቀችብኝ። «ሚስትህ እንዴት ቻለችህ?»

ከዜሮ በታች ዐሥራ አራት። እሷ ጻፈች፤ እኔ ፈረምኩበት። ወደ ሶዶ ላክነው። የመለሱልንን ሰምታችኋል። ቅጹ ላይ ከዜሮ በታች የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ የጎደለውን ወንዝ በወረቀት ሞሉት።

በዚያ የወረቀት ወንዝ ለአራት ቀበሌ የመስኖ ተራ ተሰጠ። በቆሎ ዘራችሁ። የቲማቲም ችግኝ አፈላችሁ። መጋቢት ላይ ቦዩ ደረቀ። ታዲያ ማንን አያችሁ? ቁጥሩን የቀየረውን ፊርማ አላያችሁም። ጠዋት ማታ ወንዙ ዳር የምትቆመዋን ሴት አያችሁ። ገበያ ላይ ሰላምታ ነፈጋችኋት።

እኔስ? ሦስት ጊዜ አቤቱታ ጻፍኩ። መልሱ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ያኔውኑ እዚህ መጥቼ ልነግራችሁ ይገባ ነበር። አልመጣሁም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

ባለፈው ሳምንት ኦቶና ሆስፒታል ልጠይቃት ገባሁ። በመስኮቱ የዳሞታ ደመና ይታያል፤ ተራራውን ለቆ ቀስ እያለ ወደ ከተማው ይወርዳል። ዓይኗን ሳትከፍት አወራችኝ።

«ወንዙን በሕልሜ አየሁት። ዘንጉን አልፎ፣ ማሳውን አልፎ፣ ወደ ቤቴ መጣ። አንድም ነገር አልነካም። ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።»

 የተኛች መስሎኝ ልወጣ ተነሣሁ።

«የአቤቱታው መልስ መጣ?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው ለጎረቤቶቼ አንተ ንገርልኝ። ግን አትጩህባቸው። የዘሩት ነው የጠፋባቸው።»

እንዳልጮህ እየታገልኩ ነው።

አቶ ሐብተማርያም፣ መጀመሪያ ያነበብኩትን ደብዳቤ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ከሶዶ ድረስ ለቀብሯ መምጣትዎን አከብራለሁ። ነገር ግን መምጣትዎ መልስ አይሆንም። የውሸቱ ቁጥር ዛሬም መዝገቡ ላይ ተቀምጧል። የመጪው በጋ ውኃ የሚደለደለውም በእሱ ነው። እነዚህ ሰዎች እንደገና ይዘራሉ፤ እንደገና ይደርቅባቸዋል። ያኔስ በማን ሊያመካኙ ነው? እሷ እንደሆነች የለችም። ስለዚህ ንባቧ እንደጻፈችው ወደ መዝገቡ ይመለስ። ስሕተቱ የእሷ አለመሆኑም ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ለዚህ ዕድር ይድረስ።

አድነው፣ አንተና ጎረቤቶችህ አሁን ቅረቡ። አፈሩን በእጃችሁ አልብሷት። ሰላምታ የነፈጋችኋት ካላችሁ፣ አሁን ስጧት።

አስካለች፣ እህቴ፣ ሂጂ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ መንገዱ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚያስቸኩልሽ ሰዓትም የለም። አፈሩ ይቅለልሽ። የቀረውን እኛ እንጨርሳለን። አቶ ሐብተማርያም፣ እርማቱ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ በጽሑፍ።