የአዴ ዘይነባ ልጅ ልብሶች

ሁለት ደቂቃ ስጡኝ፤ ሰምታችሁ አትቆጩም። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋት ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ዋናው ሥራ ስፌቱ እንዳይመስላችሁ፤ መጀመሪያ ቁራጮቹን መሬት ላይ ደርድሮ ማየት ነው። በቀደም አዴ ዘይነባ የሚባሉ እናት ብርድ ልብስ እንድሰፋላቸው የሟች ልጃቸውን ልብሶች ይዘው ከሳጉሬ አሰላ መጡ። እኔ እኩል እኩል ቆረጥኩ፤ እሳቸው በአከራዬ ሳሎን ተንበርክከው፣ «ይሄን ጥርስ ስታወጣ፣ ይሄን ትምህርት ስትጀምር» እያሉ በዕድሜዋ ቅደም ተከተል ደረደሩ። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። «ይደር፤ ነገ በአዲስ ዓይን አይቼ እሰፋዋለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ጠዋት ስገባ ወለሉ ባዶ ነው። አከራዬ እትዬ አስካለ ሁሉንም ሰብስበው ፌስታል ውስጥ ከተውታል። «የሟች ልብስ ይረገጣል እንዴ? ነውር አታውቅም?» አሉኝ። አዴ ዘይነባ ጋ ደወልኩና መጥተው እንደገና እንዲደረድሩ እየተንተባተብኩ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ከወለድኳት እስከ ቀበርኳት አንዴ ሄጄበታለሁ። ሁለተኛ አልችልም፤ ተወው» አሉኝ። ፌስታሉ ይኸው አጠገቤ አለ፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ግን አላውቅም። እናንተ ደርድራችሁ ስትጨርሱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። በሁለት አሮጌ ሸሚዝም ቢሆን ዛሬውኑ ሞክሩት።