ሁለቱ መድኖች እና እትዬ ዘውዴ

የምሠራበት ሆቴል ሁለት ዓይነት የጤና መድን አምጥቶ "አንዱን ምረጡ" አለን። አንደኛው በየወሩ ከደመወዝ ብዙ ይቆርጣል፤ ሕክምናውን ሁሉ ይሸፍናል። ሌላው የሚቆርጠው ትንሽ ነው፤ ግን መጀመሪያ እስከተወሰነ ድረስ ራስሽ ትከፍያለሽ፣ ለዚያም የሕክምና ቁጠባ ይከፍቱልሻል፤ ያልነካሽው ለከርሞ ይተላለፋል። ግራ ቢገባኝ ወረቀቱን ይዤ ቶር ፒኛታራ ወደሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ዘውዴ ቤት ሄድኩ። ሮም ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጣሊያን አዛውንት ሲያስታምሙ የኖሩ ጎንደሬ ናቸው። ሁሉንም ሳስረዳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "አሎራ፣ እንግዲህ፣ ስትታመሚ መጥቶ የሚጠይቅሽ የትኛው ነው?" አሉኝ።

"ኧረ እትዬ፣ እነሱ ይከፍላሉ እንጂ አይጠይቁም" ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። አባታቸው የታመሙ ጊዜ ጎረቤቱ በተራ እንዳስታመመ፣ ቃሬዛውን ለመሸከም ወንዶቹ እንደተሻሙ አወሩኝ። ሲያወሩ ፊታቸው በራ። ከዚያ "አንቺ ገና ጤነኛ ነሽ፣ የቁጠባውን ያዢ" አሉኝ፤ በማግስቱ ፈረምኩ። ለካ እሳቸውም ያን ቀን የራሳቸውን መርጠው ኖሯል፤ ፋሲካ ሳይደርስ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። በቀደም ስደውል "አሞኝ ነበር" አሉኝ። ደንግጬ "ምነው እትዬ! አጠገብዎ ማን አለ?" ስላቸው፣ ከኋላቸው የሰው ጫጫታ እየተሰማ፣ "መቀመጫ ጠፍቶ ቆመዋል" አሉኝ።