ንስሩ መቀሱ ላይ ሲወጣ

ሁለት መሰላል በሽቦ ጠፍሮ አንድ ረጅም መሰላል ማድረግ ጥበብ ነው ብሎ የሚምል ሰው ቢፈለግ፣ ቀለም ቀቢው ንስሩ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ሌላው ቀና ብሎ ለማየት የሚፈራው ከፍታ ላይ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ብሩሽ ይዞ ሲንጠላጠል አይተውታል። እሱም ስሙን ወዶ ተቀብሎታል። ጉልበቱ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ከስሙ ጋር ተጣልቷል። ይህን ከራሱ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለውም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጧት ንስሩ በሰፈሩ አናጢ ግቢ ውስጥ የሁለቱን መሰላሎች መጋጠሚያ በፒንሳ ሲያጠብቅ፣ የወንድሙ ልጅ የተሰበረ መሳቢያ በብብቷ ይዛ ገባች። መሐንዲስ ናት። ንስሩ ከአራት ሠራተኞቹ ጋር ሊቀባው የተዋዋለው የአንድ ማሠልጠኛ ተቋም ትልቅ አዳራሽ የሚታደሰው በእሷ ኃላፊነት ነው። ሊገናኙ የታሰበው ሰኞ ነበር፤ መሳቢያው አስቀደማቸው።

«አጎቴ፣ እንደምን አደሩ? ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መሰላል ነዋ! አይተሽ አታውቂም? ለነገሩ እናንተ ዩኒቨርሲቲ የምትወጡት በሊፍት ነው።»

አናጢው መጋዙን አቁሞ ሳቀ።

«መሰላልማ አውቃለሁ። ይሄ ግን ሁለት መሰላልና አንድ ቀብር ነው።»

«ሟርተኛ! ቁርጥ አባትሽን። እሱም ከወንበር በላይ ወጥቶ አያውቅም።»

«የአዳራሹ ጣሪያ አሥራ አንድ ሜትር ነው፣ አጎቴ።»

«ለኔ ነው የምትነግሪኝ? የዛሬ ሃያ ዓመት የቀባሁት እኔ ነኝ። ያኔ ያንቺን ንፍጥ የሚጠርገውም እኔው ነበርኩ።»

«ውለታዎን አልረሳሁም። ለዚህም ነው የምነግርዎት፤ ሰኞ አዳራሹ ውስጥ መሰላል አይገባም። ማንሻ ተከራይተናል። ጎማ ያለው መድረክ ነው፤ ዙሪያውን በብረት ተከልሏል፤ ከሥሩ ያሉት ብረቶች እንደ መቀስ እየተከፈቱ ሰውን ከነቀለሙ፣ ከነመሣሪያው ወደ ላይ ያነሱታል።»

ንስሩ ፒንሳውን አስቀመጠ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል።»

«ሊጡን ሳያዩት?»

«አይቼዋለሁ! መንገድ ዳር የመብራት አምፖል የሚቀይሩበት ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሽቅብ! ይሄ ሙያ ነው? እንግዲያው የቢሮ ተላላኪውን ላኪውና እሱ ይውጣ። እኔ ምን ላደርግ ነው የምመጣው?»

እዚህ ላይ የንስሩ ቁስል ወጣ። ነገሩ የማሽን ጥላቻ አልነበረም። ማንም ቁልፍ ተጭኖ የሚደርስበት ቦታ ከሆነ፣ ንስሩ ከነገ ጀምሮ ማን ተብሎ ይጠራል? ብዙ ሰው አዲስ ነገርን የሚጠላው ስላልገባው ይመስለናል። ንስሩ ግን በደንብ ገብቶታል፤ የጠላውም ስለገባው ነው።

«መውጣት ሙያ መስሎዎታል እንዴ?» አለች የወንድሙ ልጅ። «መውጣትማ ድመትም ይወጣል። የእርስዎ ሙያ ቅቡ ነው።»

አናጢው «ይቺን እንኳ አትመልሳትም!» አለው።

«አንተ መሳቢያህን ሥራ!» ንስሩ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ሠላሳ አምስት ዓመት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን አልወደቅሁም!»

«ለሳኙስ?»

 ለሳኙ የንስሩ የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባ ነው። ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ሁለት ዓመት አለፈው፤ እስከ ዛሬ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያሻግሩት ሰዎች ናቸው።

«እሱ… አልተጠነቀቀም» አለ ንስሩ፤ ድምፁ ግን ቀድሞ እንደነበረው አልነበረም።

«ከእርስዎ ይበልጥ ጠንቃቃ ነበር። መሰላል ላይ አንድ እጅዎ ለሥራው ነው፣ አንድ እጅዎ ለነፍስዎ ነው። ባልዲውን ማን ይይዝልዎታል? ሦስተኛ እጅ የተሰጠው ሰው እስካሁን አላየሁም። ጉልበትዎስ እንዴት ነው?»

ንስሩ ፒንሳውን መልሶ አነሣ። አምና ረጅሙ መሰላል ላይ እግሩ በድንገት መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ወደ ላይም ወደ ታችም ማለት ተስኖት፣ ከታች ለሚጠብቁት ሠራተኞቹ «ቀለሙን እየመረመርኩ ነው!» ብሎ የጮኸበት ቀን ትዝ አለው።

«መብራት ቢጠፋስ?» አለ በመጨረሻ። «እንደታጠበ ልብስ ተሰጥቼ ልዋል?»

«የሚሠራው በባትሪ ነው። ባትሪውም ቢያልቅ ከታች የቆመው ሰው በእጁ ስቦ ቀስ አድርጎ የሚያወርድበት አለው። ለዚህ ሲባል አንድ የሠለጠነ ሰው ሁልጊዜ ከታች ይቆማል።»

«እሺ፣ እመጣለሁ። ልስቅበት ነው ግን የምመጣው።»

«ይምጡ ብቻ። ሳቁን ከላይ ሆነው ይስቁታል።»

ሰኞ ደረሰ። ካከራየው ድርጅት የመጣው አሠልጣኝ ሁለት ቀን አስተማረ፤ ንስሩ ሁለቱንም ቀን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሠራተኞቹ ማሽኑን ገና በመጀመሪያው ሰዓት «መቀሱ» ብለውት ነበር። በትምህርቱ መሠረት በየጧቱ ጎማው፣ ባትሪው፣ መከለያው፣ በሩ፣ ቀዩ ማቆሚያ ቁልፍ ይታያል፤ ከዚያ ወለሉ። አሠልጣኙ ወለሉ ጋ ሲደርስ ንስሩ ሳያስበው አፉን ከፈተ።

«በአዳራሹ መድረክ በኩል አይነዳም። ከሲሚንቶው ሥር የፍሳሽ ቦይ አለ፤ ክዳኑ ስስ ነው። ሲሠራ አይቻለሁ።»

የወንድሙ ልጅ ፕላኑን ገለጠች። ቦዩ አልተሣለም። ቦታውን በመዶሻ አንኳኩታ ካዳመጠች በኋላ ዙሪያውን በቀይ ጥብጣብ አሳጠረችና በሠራተኞቹ ፊት «አጎቴ ባይናገሩ ማሽኑ ሰው እንደጫነ እዚህ ይሰምጥ ነበር። እኔ አላወቅሁም ነበር» አለች። ንስሩ ክንዱን ፈታ።

በሦስተኛው ቀን ቀበቶውን አስሮ፣ የቀበቶውን ገመድ ከማሽኑ ማያያዣ ጋር አቆላልፎ ወጣ። ነገር ግን የቀቢዎች አንድ ልማድ አለ፤ «የመጨረሻዋ ስንዝር የአለቃ ናት» ይላሉ። ብሩሽ ስንዝር ሲያጥር አለቃው አንድ ነገር ላይ ቆሞ፣ ተንጠራርቶ ይጨርሳታል፤ ከታች ያሉትም ያደንቁታል። ንስሩ ይህን ልማድ ይዞት ወጥቶ ኖሯል። ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚ ብረት ስንዝር ሲርቅበት ባዶ የቀለም ባልዲ ደፍቶ ላዩ ላይ ቆመ።

የወንድሙ ልጅ ከታች ቀዩን ቁልፍ መታችው።

«ይውረዱ ከባልዲው!»

«አንዲት ስንዝር ናት እኮ!»

«መከለያው ከወገብዎ ወደ ጉልበትዎ ወርዷል! እንዲህ ከሆነ ጠልፎ የሚጥልዎት እሱው ነው! ስንዝር ሲጎድል ሰው አይንጠራራም፤ ዝቅ ይላሉ፣ ማሽኑን ያስጠጋሉ፣ መልሰው ይነሣሉ!»

በሠራተኞቹ ፊት መገሠጽ፣ ያውም ንፍጧን በጠረገላት ልጅ! ንስሩ ፊቱ ጠቆረ። ቢሆንም ከባልዲው ወረደ። ቁልፉ ሲለቀቅለት ማሽኑን ዝቅ አደረገ፣ ባልዲውን አውጥቶ ወለሉ ላይ ወረወረ፣ ማሽኑን ጥቂት አስጠጋ፣ እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ ጭንቅላቱ አግዳሚውን ብረት አለፈ።

ከዚያ ብሩሹ ቆመ።

«አጎቴ? ደህና ነዎት?»

 ንስሩ የብረቱን የላይኛውን ገጽ እያየ ነበር። ከታች የሚታየው የብረቱ ፊትና ሆድ ከሃያ ዓመት በፊት የተቀባው ቀለም አለበት። ጀርባው ግን ብሩሽ ነክቶት አያውቅም። ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነስቷል። በአውራ ጣቱ ሲጭረው እፍኝ ሙሉ ወረደለት። መሰላል ተደግፎ፣ በአንድ እጁ ብረቱን ታቅፎ፣ «ማን ያየዋል?» ብሎ ያለፈውን ቀን አስታወሰ። አንዱን ብረት ብቻ አልነበረም፤ ሁሉንም ነበር ያለፋቸው።

ሲወርድ መዳፉን ለሠራተኞቹ ዘረጋ። ዝገት ሞልቶታል።

«ይህን የቀባሁት እኔ ነኝ» አለ። «አልቀባሁትም ማለቴ ነው። ሃያ ዓመት በዚህ በር ባለፍኩ ቁጥር ደረቴን ነፍቼ ነው ያለፍኩት። አንድ እጄ ነፍሴን ይዞ፣ አንድ እጄ ብቻ ሲሠራ፣ ሥራዬም ግማሽ ሆኖ ቀርቷል። ይቺ ልጅ ስለ መውደቅ ስትነግረኝ አልሰማኋትም፤ ስለ መውደቅ ማንም ይነግረኛል። ስለዚህ ዝገት ግን የነገረኝ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ጀርባው ሳይፋቅና ሳይቀባ ፊቱን የሚነካ ሰው ከኔ ጋር አይሠራም።»

ቀለም በጥባጩ «ጌታዬ፣ ጀርባውን እኮ ከታች ማንም አያየውም» አለ።

«እኔ አይቼዋለሁ!»

ሦስት ሳምንት የታሰበለት ሥራ በአሥራ አንድ ቀን አለቀ፤ ያውም የብረቶቹ ጀርባ ተጨምሮ። መሰላል እያዞሩ፣ እየደገፉ፣ ባልዲ ለመሙላት በየደቂቃው እየወረዱ የሚያልቀው ጉልበት በሙሉ ቅቡ ላይ ዋለ። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ እንኳ አልተወለመም። አራቱም ሠራተኞች ማሽኑን መንዳት ተማሩ፤ ንስሩም ተፈትኖ አለፈ፣ ፎቶግራፉ ያለበት የኦፕሬተር መታወቂያም ተሰጠው። በዚህ ዓመት ብሩሹን ሊሰቅል በልቡ ወስኖ የነበረ ሰው፣ ጉልበቱ ሽቅብ መሸከሙን ሲተው፣ እጁ ገና ብዙ ዓመት እንዳለው አወቀ።

የሥራው ርክክብ በሚደረግበት ቀን የማሠልጠኛው ኃላፊ ከነሱፉ መጥቶ ቀና ብሎ ተመለከተ።

«አምሯል። ከላይም ተቀብቷል የሚሉት እውነት ነው?»

«ወጥተው ይዩት» አለ ንስሩ፤ የማሽኑንም በር ከፈተለት። ኃላፊው ሄልሜቱን ተቀብሎ አደረገ። ቀበቶውን ሲያቀርቡለት ግን ሱፉን አየና ፈገግ አለ።

«ለአምስት ደቂቃ ነው፤ እኔን ተወኝ።»

ንስሩ እጁን ከመሪው ላይ አነሣ። ሠራተኞቹ ቆመው ያያሉ። የወንድሙ ልጅ ከታች፣ ቀዩ ቁልፍ አጠገብ ቆማ አጎቷን ትጠብቃለች።

«ክቡር ኃላፊ፣ መሬት ላይ እርስዎ አለቃ ነዎት» አለ ንስሩ። «እላይ ግን አለቃና ምንዝር የለም። ያለው የታሰረና ያልታሰረ ነው። እኔ ያልታሰረ ሰው ይዤ አልነሣም።»

ኃላፊው ታሰረ። ንስሩ የቀበቶውን መቆለፊያ ሁለት ጊዜ ጎትቶ አረጋገጠ፤ ከዚያ በሁለት እጁ ነድቶ የብረቱን ጀርባ ሊያሳየው ወጣ።