የልጄ እጅ ያሰረው ሽቦ

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃችን፣ የወርክሾፕ ልጆቼ፤ ይህን አዳራሽ አጽድታችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ ስለምትሸኙኝ እግዜር ያክብራችሁ። ንግግሬን የጻፍኩት ቀስ ብዬ ነው፤ ሳነበውም ቀስ እላለሁ። የቸኮለ ካለ ኬኩን ይጀምር።

እዚህ መሥሪያ ቤት ያመጣችኝ ልጄ ናት። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። አዲስ የገባችሁም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ፣ የራስ ቁሯን ወደ ኋላ ገፍታ ስትስቅ ታዩዋታላችሁ። በገጠር ቤቶች ጣሪያ ላይ ሶላር የምትተክል ቴክኒሻን ነበረች። የመጀመሪያውን የተከለችው እኛ ቤት ነው። እኔስ ምን አደረግኩ? ውድ ዕቃ ነው፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ብዬ፣ መሰላል አስመጥቼ በብርድ ልብስ ሸፈንኩት! ሲመሽ አምፖሉ ድርግም።

«እማዬ፣ ምግቡ እኮ ፀሐይ ናት! አፉን አፍነሽ ብላ ትይዋለሽ?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከመስክ ስትመለስ መኪናው የተገለበጠ ጊዜ ለቅሶ የደረሳችሁኝ እናንተ ናችሁ። አለቃችንም ቆይተው «እማማ፣ ቤት ብቻዎን ከሚቀመጡ ይምጡና ለመንደሩ እናቶች ያስረዱልን» አሉኝ። ፊደል ቆጥሬያለሁ እንጂ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አውቄ? የማውቀውን አወራሁ። የላምባ ጭስ ልጅን እንዴት እንደሚያስስል፣ ላምባ ቢያልቅ ፀሐይ ነገም እንደምትወጣ። የብርድ ልብሱንም ታሪክ። ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ እየሳቁም አስተከሉ።

አሁን ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ አለ። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ጉዳይ አለኝ።

የቤቴ ባትሪ ከደከመ ቆይቷል። ቮልት የምንለው ቴክኒሻናችን፣ የልጄ የሥራ ጓደኛ፣ አዲስ ባትሪ ተሸክሞ ስንት ጊዜ ደጄ ቆመ?

«እማማ፣ ልቀይረው?»

«ቆይ፣ ገና ነው።»

«የሰው ባትሪ ሲደክም ይቆጣሉ፤ የራስዎ ሲሆን ገና ነው?»

ሻይ አጠጥቼ እሸኘው ነበር። የባትሪውን ሽቦ ያሰረችው ልጄ ናታ! በጥቁር ናስትሮ ጠቅልላ፣ ጫፉን በጥርሷ ቆርጣ። እሱ ከተነካ ከእጇ ሥራ ምን ይቀረኛል?

ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ብቅ አለች። ሶላር ላስተክል አላስተክል እያለች ስታመነታ ነው የከረመችው። ጭል ጭል የሚለውን አምፖሌን ቀና ብላ አየችና «ወይ አንቺ! የልጅሽ ሥራ ይሄ ከሆነማ ኩራዜ ይሻለኛል» አለችኝ።

ክፉ አስባ አይደለም። ግን አንጀቴን ቆረጠችው። የልጄ ሥራ ይሄ ነው እንዴ? የልጄ ሥራ ቦግ ያለ ነበር። ያደበዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ ብርድ ልብስ አልብሼው።

ስለዚህ፣ አንተ ቮልት፣ ሰኞ ና። ባትሪውን ቀይረው። ናስትሮውን መፍታት ካለብህም ፍታው፤ ብቻ ቀስ ብለህ። እንዳትጥለው፣ እጄ ላይ አስቀምጥልኝ። ልብስ ሰፊዋንም ጠርቻታለሁ፤ ማብሪያውን እሷ ትጫን።

ልጆቼ፣ መኪናችሁ በሰላም ወጥቶ በሰላም ይግባ። የተከላችሁት ሁሉ ይብራ። ቀባሪ አያሳጣችሁ፤ ልጆቻችሁን ግን እናንተ አትቅበሩ።